ያለ ሥጋ ጤና፦ ክርክሩ ከየት ተነሣ፣ የት ደረሰ?

ሥጋ መብላት የተወ ሰው ከወዳጆቹ የሚሰማው ነገር አዲስ አበባም ሆነ ለንደን ብዙ አይለያይም። መጀመሪያ «ፕሮቲን ከየት ልታገኝ ነው?» ይባላል፤ ቀጥሎ ደም ማነስ ይነሣል፤ በመጨረሻ የጉልበት ነገር ይመጣል። እኛ ዘንድ ግን ክርክሩ አንድ ጠማማ ነገር አለው። ጠያቂው ራሱ ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት፣ ፍልሰታንና ጾመ ነቢያትን ሥጋም ወተትም እንቁላልም ሳይነካ የሚያሳልፍ ሊሆን ይችላል። ለጾም ሲሆን አያት ቅድመ አያት የኖረበት ማዕድ፣ አንድ ሰው ለጤናዬ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ሲመርጠው ድንገት አደገኛ መስሎ ይታያል።

ጥርጣሬው ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ከንቱ ግን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያነጣጠረው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው እንጂ። ወዳጆች አጥብቀው የሚጠይቁት ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት መልስ ያገኘ ነው። መልሱ እስካሁን ያልጠራውን ደግሞ ማንም አያነሣውም፤ ሥጋ የተወውም ጭምር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። «ሥጋ የማይበላ» በሚለው ስም ቢያንስ አራት ዓይነት ሰው ይጠራል። አንዱ ሥጋ ትቶ ወተትና እንቁላል የሚጠቀም ነው። ሁለተኛው ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር የማይቀምሰው ቪጋን ነው። ሦስተኛው ጾመኛው ነው፤ በጾም ወራት እንደ ቪጋን፣ በፍስክ እንደ ማንኛውም ሰው ይበላል። አራተኛው ሥጋ የማይበላው ስለሌለው ነው። ለአንዱ የተገኘ ማስረጃ ለሌላው ሲሰጥ ክርክሩ ይጨቀያል፤ በአብዛኛው የሚጨቀየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከነፍስ ወደ ሥጋ

ጥንት ሥጋ መተው የጤና ጉዳይ አልነበረም። በህንድ የጃይናዎች፣ የቡድሂስቶችና የብዙ ሂንዱዎች መነሻ ለሕያው ፍጥረት ሁሉ ጉዳት አለማድረስ ነው። በግሪክ የፓይታጎረስ ተከታዮች ከእንስሳ ሥጋ የራቁት ስለ ነፍስ በነበራቸው እምነት ሲሆን፣ በአውሮፓ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሥጋ የማይበላ ሰው ሲጠራ የኖረው «ፓይታጎራዊ» እየተባለ ነው። በ1847 በእንግሊዝ ራምስጌት ከተማ የመጀመሪያው የቬጂቴሪያን ማኅበር ሲቋቋም ግን ሥነ ምግባርና ጤና አብረው መነሣት ጀምረዋል። በአሜሪካ የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን መሥራች ከሆኑት አንዷ ኤለን ዋይት ከ1863 ጀምሮ ሰውነትን መጠበቅን የእምነት አካል አድርገው አስተማሩ፤ ሐኪሙ ጆን ሃርቪ ኬሎግም በባትል ክሪክ የሕክምና ማዕከላቸው ትምህርቱን ወደ ማዕድ አወረዱት። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ ለሳይንስ ትልቁን የጥናት ናሙና ታቀርባለች ብሎ የገመተ አልነበረም። ወተትና እንቁላልንም የተዉት ደግሞ በ1944 በዶናልድ ዋትሰን አስተባባሪነት ከቬጂቴሪያኖቹ ተለይተው የራሳቸውን የቪጋን ማኅበር መሠረቱ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ጾም ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ሥጋ ርኩስ ነው አይልም፤ ፋሲካ ሲደርስ ዶሮውም በጉም ይታረዳል። ጾሙ ሰውነትን ማድከሚያ፣ ፈቃደ ሥጋን መግቻ ነው። የዛሬው ጥርጣሬ አንድ ሥር እዚህ ያለ ይመስለኛል። ለዘመናት «ሥጋን ያደክማል» እየተባለ የተጾመ ምግብ፣ ጉልበት ይሰጣል ሲባል ለጆሮ ይከብዳል። ነገር ግን ጾም ሁለት ነገር ነው፤ ሰዓት መቆየትና ከጥሉላት መከልከል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ የዋለን ሰው የሚያዝለው መጾሙ እንጂ ማታ የሚበላው ምስር ወጥ አይደለም። ምስሩ ግን የሰዓቱን ዕዳ ተሸክሞ ይኖራል።

ፕሮቲን፦ ትልቁ ጥርጣሬ፣ ትንሹ ችግር

ሥጋን ከጉልበት ጋር በሳይንስ ስም ያጣመረው ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው። በ1840ዎቹ ጡንቻ ሲሠራ የሚያቃጥለው ፕሮቲንን ነው ብሎ አስተማረ፤ ስሙ በሥጋ ጭማቂ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ ዓለምን የዞረውም ከዚያ በኋላ ነው። እርሱን ተከትሎ ካርል ፎይት የጉልበት ሥራ ለሚሠራ ሰው በቀን 118 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል አለ። መጠኑ የተገኘው በጊዜው ሠራተኞች የሚበሉትን በመለካት ነበር፤ ሰዎች የሚበሉት ሁሉ የሚያስፈልጋቸው ነው ተብሎ ተወሰደ ማለት ነው።

ይህን የናደው በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ራስል ቺተንደን ነው። ራሱን፣ የሥራ ባልደረቦቹን፣ ወታደሮችንና ስፖርተኛ ተማሪዎችን በፎይት መጠን ግማሽ አካባቢ ለወራት አቆይቶ ጉልበታቸው እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም የብዙዎቹ እንደ ጨመረ በ1904 አሳተመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የዴንማርክ የባሕር በር ሲዘጋ፣ በሐኪሙ ሚኬል ሂንድሄዴ ምክር መንግሥት አሳማዎቹን አሳርዶ ይቀልቡ የነበረውን እህል ለሰው መለሰ። በ1917 እና በ1918 መካከል በአገሪቱ የሞት መጠን ቀነሰ። ሂንድሄዴን የሚያወድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር በዚያው ወቅት አልኮልም እጅግ መወደዱን ነው። ሥጋው ነው ወይስ መጠጡ? ከዚህ ዓይነቱ ማስረጃ መለየት አይቻልም።

ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚያስቀምጠው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.83 ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም ገደማ። አንድ መቶ ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። ተከራካሪ ወዲያው «የእህል ፕሮቲን ሙሉ አይደለም» ይላል። እውነት አለው፤ እህል ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜታዮኒን ያጥረዋል። ፍራንሲስ ሙር ላፔ በ1971 ባሳተመችው ዝነኛ መጽሐፏ ሁለቱን በአንድ ገበታ ማጣመር ግድ ነው ብላ ነበር፤ በ1981 እትሟ ግን ራሷ አረመችው። በቀኑ ውስጥ የተለያየ ከተበላ ይበቃል። እኛ ዘንድ ክርክሩ ከመነሻውም ትርጉም አልነበረውም፤ ሽሮን ያለ እንጀራ የሚበላ ማን አለ?

ይሁን እንጂ ሽሮ ሁሉ አንድ አይደለም። ወፍራም የሽምብራ ወይም የባቄላ ሽሮ በደንብ የተጨለፈበት እንጀራና፣ ውኃ የበዛበት ቀጭን ሽሮ የተቀባ እንጀራ ከሩቅ ይመሳሰላሉ እንጂ የፕሮቲን መጠናቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። ዕድሜም መጠኑን ይለውጠዋል፤ ከ65 ዓመት በላይ ላሉ የአረጋውያን ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመክራሉ፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ምግብ የመብላት ፍላጎትም ይቀንሳል። የፕሮቲን ጥርጣሬ ክብደት ያለው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላውን ጎረምሳ በዚህ ማስፈራራት ግን ቦታው አይደለም።

የረጅም ጊዜ ጥናቶች ምን አገኙ?

ሰውን ሃያ ዓመት ሥጋ አብልቶ፣ ሌላውን ከልክሎ ማነጻጸር አይቻልም። ስለዚህ ማስረጃው በአብዛኛው ሰዎች በራሳቸው ምርጫ የሚበሉትን መዝግቦ ከመከታተል የሚመጣ ነው። ከሁሉ የሚጠቀሱት ሁለት ናቸው።

አንደኛው በአሜሪካና በካናዳ 96 ሺህ ያህል አድቬንቲስቶችን ያቀፈው ጥናት ነው። በ2013 በወጣው ትንተና ቬጂቴሪያኖቹ በክትትሉ ጊዜ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ12 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ማጨስና መጠጣት በምእመናኑ ዘንድ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሥጋ የሚበላውና የማይበላው በሌላው አኗኗሩ ይቀራረባል፤ የጥናቱ ጥንካሬም ይህ ነው። ሁለተኛው በ1993 በብሪታንያ የተጀመረውና 65 ሺህ ያህል ሰዎችን የያዘው ኤፒክ ኦክስፎርድ ነው። እዚያ ግን በጠቅላላ ሞት ረገድ ሥጋ በሚበሉና በማይበሉ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ለጥናቱ የተመዘገቡት ሥጋ በሎችም ከተራው ሕዝብ ይልቅ ለጤናቸው የሚጠነቀቁ ነበሩ። ስለዚህ «ሥጋ የማይበላ ረጅም ዕድሜ ይኖራል» የሚለው የዋህ አባባል አንድ ምስክር አለው፤ ሌላው ምስክር ዝም ብሏል።

ኤፒክ ኦክስፎርድ በ2019 ያወጣው ግን ለሁለቱም ወገን የማይመች ነበር። ቬጂቴሪያኖቹ በልብ የደም ሥር ጥበት የመያዝ ዕድላቸው በ22 በመቶ ያነሰ፣ በስትሮክ የመመታት ዕድላቸው ግን በ20 በመቶ የበዛ ሆነ። መቶኛው ሁለቱን እኩል ያስመስላቸዋል፤ በሰው ቁጥር ሲታይ ግን በ10 ዓመት ውስጥ ከ1,000 ሰዎች 10 የልብ ሕመምተኞች ሲቀነሱ 3 የስትሮክ ሕመምተኞች ይጨመራሉ። በ2020 ከዚያው ጥናት የወጣው ውጤት ይበልጥ ያስደነግጣል፦ ቪጋኖች አጥንታቸው የመሰበር ዕድሉ በ43 በመቶ ከፍ ያለ ነበር፤ የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ዝቅተኛ የሰውነት ክብደትና የካልሲየምና የፕሮቲን ማነስ የልዩነቱን ከፊል ያስረዳሉ፤ ሁሉንም ግን አያስረዱም።

በሥጋ በኩል ያለውም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እንደ ሳላሚና ሞርታዴላ ያሉ የተቀነባበሩ ሥጋዎችን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ «ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት መደበ። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የአንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ያህል ይጨምራል። የእኛ ጥሬ ሥጋ ወዳጅ «የእኛ ንጹሕ ነው፣ ፋብሪካ አላየም» ሊል ይችላል፤ ኮሶ የጠጡ አያቶቹ ግን የቁርጥን ሌላ መዘዝ ያውቁታል።

ለዚህ ዳሰሳ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን በ2017 ከ200 ሺህ በላይ የአሜሪካ የጤና ባለሙያዎች መረጃ ላይ ተመሥርቶ የወጣው ነው። ተመራማሪዎቹ የዕፀዋት ምግብን ለሁለት ከፈሉት። ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ በብዛት የሚበሉ ሰዎች የልብ ሕመማቸው ቀነሰ። የተፈተገ ዱቄት፣ ስኳር፣ የተጠበሰ ድንችና ጣፋጭ መጠጥ የሚያዘወትሩ ግን፣ ሁሉም ከዕፀዋት ቢሆንም፣ የልብ ሕመማቸው ጨመረ። ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖና ለስላሳ መጠጥ እንደ ሽምብራ ሁሉ የጾም ናቸው። ህንድ ብዙ ቬጂቴሪያን እያላት የስኳርና የልብ ሕመም የሚያጠቃት አገር መሆኗም እንቆቅልሽ መሆኑ ይቀራል።

ማንም የማያነሣው ቫይታሚን

ሥጋን ከተዉ ሰዎች ጋር መከራከር የሚፈልግ ወዳጅ ትክክለኛ መሣሪያ ቢያሻው ቫይታሚን ቢ12 አለለት። በ1926 ጆርጅ ማይኖትና ዊልያም መርፊ በዚያን ጊዜ ገዳይ የነበረን የደም ማነስ ዓይነት ጉበት በማብላት እንደሚያድኑ አሳዩ፤ በ1934 ኖቤል ተሸለሙበት። ጉበቱ ውስጥ ያለው ቢ12 ግን ለብቻው ተለይቶ የወጣው በ1948 ነው። የሚሠሩት ባክቴሪያዎችና መሰሎቻቸው ብቻ ናቸው። ከብቶች በሆዳቸው ካሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ያገኙታል፤ ጎመን፣ ምስር፣ ጤፍ የላቸውም። እንጀራ ስለቦካ፣ ጠላ ስለተጠነሰሰ ይኖራቸዋል የሚል ተስፋም አለ፤ እንደ ምንጭ ግን አይታመኑም።

ለአዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ጉበት ደግሞ ለዓመታት የሚበቃ ያከማቻል። አደጋውን የሚሰውረው ይኸው ክምችት ነው። ሥጋና ወተት የተወ ሰው አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ቀልጠፍ ብሎ ይኖራል፤ ለወዳጆቹም «ይኸው ምንም አልሆንኩም» ይላል። ጉድለቱ ሲመጣ በእጅና በእግር መደንዘዝ፣ ሚዛን በመሳት፣ በመርሳት ሊገለጥ ይችላል፤ የዘገየ የነርቭ ጉዳት ላይመለስም ይችላል። ሌላም ወጥመድ አለ። ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል ፎሌት ሞልቷቸዋል። ፎሌት ሲበዛ የቢ12 ጉድለት የሚያመጣውን የደም ማነስ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሄሞግሎቢን ብቻ ተመርምሮ «ደምህ ጥሩ ነው» የተባለ ሰው ነርቩ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። ቢ12ን ለይቶ የሚለካ ምርመራ ሌላ ነው።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1982 የጃማይካ ሐኪሞች ከእንስሳ የሚገኝ ምግብ በማይቀምሱ ራስታፈሪያን ላይ ያዩትን የቢ12 እጥረት በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። በሻሸመኔ የሰፈሩት ራስታዎች የያዙት የአይታል አመጋገብ ሥርም ያው ነው። መፍትሔው ርካሽና ያለቀለት ነው፤ ኪኒን ወይም ቢ12 የተጨመረበት ምግብ። ብዙዎች የሚሸሹት ግን ኪኒኑን ነው። «ኪኒን የሚያስፈልገው አመጋገብ ተፈጥሯዊ አይደለም» ይላል ተጠራጣሪው፤ ቪጋኑም በልቡ ይስማማና ሳይወስድ ይቀራል። ሁለቱም አዮዲን የተጨመረበት ጨው በየቀኑ ወጣቸው ውስጥ እንደሚነሰነስ ይረሳሉ። ደጋው ምድራችን አዮዲን ስለሚያጥረው እንቅርት የኖረ በሽታ ነው፤ የተፈታውም በተፈጥሯዊ መንገድ አልነበረም።

ብረት፣ ቡናና አውድማ

ስለ ብረት ያለው ክርክር ይበልጥ ይወሳሰባል። ከሥጋ የሚገኘው ብረት በቀላሉ ወደ ደም ይገባል፤ የእህልና የጥራጥሬው ግን ፋይቴት በሚባል ውህድ ይያዛል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ ለቬጂቴሪያኖች የብረቱን መጠን 1.8 እጥፍ ያደርገዋል፤ ወር አበባ ለምታይ ሴት ከ18 ወደ 32 ሚሊግራም ማለት ነው። ይህ የበዛ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ሰውነት ብረት ሲያጥረው የመሳብ አቅሙን ይጨምራልና።

እዚህ ላይ የአገራችን ወጥ ቤት ሳያውቀው ብዙ ሠርቷል። ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ከሽሮ ጋር የሚቀርበው ስንግ ቃሪያ በቫይታሚን ሲ የተሞላ ስለሆነ ብረቱን እንዲሳብ ያግዛል፤ አዚፋ ላይ የሚጨመቀው ሎሚም እንዲሁ። ከዚያ ቡናው ይፈላና የተገነባውን ግማሹን ያፈርሳል፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከተከተሉ የዕፀዋትን ብረት መሳብ በእጅጉ ይቀንሳሉ። አንድ ሰዓት ማዘግየት ይበቃል፤ ግን ምሳ በልቶ ቡና አንድ ሰዓት ይቆየኝ የሚል እንግዳ የትኛው ቤት ይወደዳል?

የጤፍ ብረት ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ለረጅም ጊዜ ጤፍ በብረት ከእህል ሁሉ የላቀ ነው ሲባል ቆይቷል። ልኬቱ እውነት ነው፤ ብረቱ ከየት መጣ ነው ጥያቄው። ጤፍ በአውድማ በበሬ ሲወቃ ከአፈር ጋር ይደባለቃል፤ ደቃቅ ስለሆነ አፈሩ በቀላሉ አይለይም። ታጥቦ ሲለካ መጠኑ በጣም ይወርዳል። ከአፈር የመጣው ብረት ለሰውነት ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። «እንጀራ እየበላሁ ብረት አያጥረኝም» የሚለው መተማመኛ እንግዲህ ግማሹ የቆመው አውድማ ላይ ነው።

የቀሩትን ባጭሩ። ከቅጠል ሁሉ ጎመን ለካልሲየም ይሻላል፤ ቆስጣ ኦክሳሌት ስለሚበዛበት ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል። ተልባ የኦሜጋ 3 ዝርያ አለው፤ ሰውነት ግን ዓሣ ውስጥ ወዳለው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ነው። ሳይፈጭ ከተዋጠ ደግሞ እንዳለ ይወጣል፤ ቆልቶና ፈጭቶ በውኃ መበጥበጡ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ጾም ምን ያስመሰክራል?

ሥጋ የተወ ሰው ወዳጆቹን ለማሳመን የሚመዘው የመጨረሻ ካርታ ጾም ነው። ምእመናን በዓመት 180 ያህል ቀን፣ ካህናትና መነኮሳት እስከ 250 ቀን ይጾማሉ። ይህ ያህል ሕዝብ ይህን ያህል ጊዜ ከጥሉላት ርቆ ከኖረ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ከጾም ጎን የሚቆም ጥናት አለ። በቀርጤስ ደሴት በ120 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2003 የወጣ ጥናት የግሪክ ኦርቶዶክስ ጾመኞች ኮሌስትሮላቸው በጾም ወራት በግልጽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገር ግን ጾም የሚያስመሰክረው ለጾም ነው። በዓለ ኀምሳ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም፤ በየጾሙ መካከል ዶሮው፣ ቅቤው፣ እርጎው ይመለሳል። የቢ12 ክምችት ለዓመታት የሚበቃ ከሆነ የሁለት ወር ጾም ምንም አያጎድለውም፤ ፍስኩ ይሞላዋል። ስለዚህ «እናቶቻችን በሽሮ ነው የኖሩት» የሚለው ክርክር ለግማሽ ዓመት እውነት ነው። ለሙሉ ዓመት ቪጋን ለሆነ ሰው ምስክር አይሆንም። በተቃራኒውም የጾሙ ደካማ ገጽ ሁሉ ሥጋን በመተው ላይ አይለጠፍም። ወጡ በረጋ ዘይት ከተጥለቀለቀ ጉዳቱ የዘይቱ ነው።

አራተኛው ሰው፣ ሥጋ የሌለው፣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረዋል፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉት 57 በመቶው፣ ከወጣትና ጎልማሳ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ወባና የሆድ ትላትል በዚህ ቁጥር ውስጥ ድርሻ አላቸው። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ዓይነት እህልና ከቀጭን ወጥ በቀር የማያይ ሕፃን በፍስክም ጾመኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርን፣ አራስን፣ ሕመምተኛንና ሕፃንን አታስገድድም፤ በተግባር ግን ብዙ እናቶች ይጾማሉ፤ ዕቃው እንዳይነካካ በሚል ሥጋና እንቁላል ከጓዳው ሲጠፋ ሕፃኑም አብሮ ይጾማል።

ከዕፀዋት የመጣ ሁሉ ደኅና ነው ለሚል ደግሞ ጓያ አለ። ድርቅን ስለሚቋቋም በክፉ ዘመን የሚተርፈው ጓያ ነው፤ በፕሮቲንም የበለጸገ ነው። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይድንም። በ1970ዎቹ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው፣ በተለይ ወጣት ወንዶች፣ በዚህ ተጎድተዋል። ጓያ ከሌላ እህል ጋር ሲቀላቀልና መጠኑ ሲያንስ አደጋው ይቀንሳል፤ ችግረኛ ግን የሚቀላቅለው የለውም።

ወዳጅ ለምን ይጠራጠራል?

የወዳጆች ጥርጣሬ ከምግብ ሳይንስ ይልቅ የማኅበራዊ ኑሮ ጥያቄ ነው የሚሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሉ። በ2015 በወጣ ጥናት ሰዎች ሥጋ ለመብላታቸው የሚሰጧቸው ምክንያቶች በአብዛኛው በአራት ቃላት ተጠቃለሉ፦ ተፈጥሯዊ ነው፣ የተለመደ ነው፣ ግድ ነው፣ ይጣፍጣል። ከእነዚህ ውስጥ የጤና ጥያቄ የሆነው «ግድ ነው» የሚለው ብቻ ነው። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሥጋ በሎች ቬጂቴሪያኑ በሥነ ምግባር ይንቀናል ብለው በገመቱ ቁጥር ይበልጥ እንደሚያጣጥሉት አሳየ፤ ሰውየው አፉን ባይከፍትም።

እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት በምዕራባውያን ላይ ነው፤ ለእኛ ግማሹ ብቻ ይገጥማል። እኛ ዘንድ ሥጋ ግንኙነትም ነው። ለበዓል በሬ ተገዝቶ በቅርጫ ሲከፋፈል አልገባም ያለ ጎረቤት ከምግብ ምርጫው በላይ ከሰፈር ጉዳይ ወጥቷል። ከዐረፋ በግ ድርሻ የተላከለት ሰው «አልበላም» ቢል ላኪው የሚሰማው ሌላ ነው። ለእንግዳ የተሠራ የዶሮ ወጥ ብልት በጉርሻ ሲመጣ መመለስማ ከሁሉ ይከብዳል። ጾም እነዚህን ሁሉ ያለ ቅሬታ የሚፈታ ቃል ሆኖ ኖሯል፤ «ጾም ነኝ» ያለን ማንም አያስገድድም። ያለ ሃይማኖት ምክንያት ሥጋ የተወ ሰው ይህ ቃል የለውም፤ ስለዚህ ለጤናዬ ይላል፤ ያን ጊዜ ወዳጅም በጤና ይሞግተዋል። የሁለቱም ንግግር ስለ ፕሮቲን ይመስላል እንጂ ስለ ጉርሻው ነው።

እስካሁን ያልተቋጨው

ባለሙያዎች ራሳቸው አሁን የሚለያዩት በዕድሜ ላይ ነው። የአሜሪካ የሥነ ምግብና የአመጋገብ ባለሙያዎች አካዳሚ በ2016 በሚገባ የታቀደ ቬጂቴሪያን አመጋገብ፣ ቪጋኑን ጨምሮ፣ ለማንኛውም የዕድሜ ክፍል ተስማሚ ነው ብሎ ነበር። የጀርመን የሥነ ምግብ ማኅበር በዚያው ዓመት ቪጋን አመጋገብን ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ለሕፃናት አልመክርም አለ። ከዚያ ሁለቱም ወደ መሀል መጡ። ጀርመኖቹ በ2024 ለእነዚህ ክፍሎች «አዎ»ም «አይሆንም»ም ለማለት ማስረጃው አይበቃም አሉ፤ አሜሪካኖቹ በ2025 ባወጡት አዲስ አቋም የተናገሩት እርጉዝ ላልሆኑና ለማያጠቡ አዋቂዎች ብቻ ነው።

በሕፃናት ላይ ያለው ማስረጃም ይለያያል። በ2022 የወጣ የቶሮንቶ ጥናት ወደ 9 ሺህ ሕፃናትን አይቶ ሥጋ የማይበሉት በቁመትም በብረት ክምችትም ከሌሎቹ ጋር እንደሚቀራረቡ፣ ከሚገባው በታች ክብደት የመያዛቸው ዕድል ግን እጥፍ ገደማ እንደሆነ አገኘ። ከዚያ በፊት በ2021 የወጣ የፖላንድ ጥናት ከ5 እስከ 10 ዓመት የሆናቸውን 187 ልጆች መርምሮ ነበር። ቪጋኖቹ ሥጋ ከሚበሉት በአማካይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራሉ፤ የአጥንታቸው ማዕድንም አነስ ይላል፤ ጎጂው ኮሌስትሮላቸው ደግሞ በጣም የተሻለ ነው። ወተትና እንቁላል የሚያገኙት ቬጂቴሪያን ልጆች ግን በአጥንት በኩል ከሥጋ በሎቹ ብዙም አልራቁም። ያ የአጥንት ልዩነት በጉርምስና ዕድሜ ይካካስ ወይስ እስከ እርጅና ይቀጥል እንደሆነ ለማወቅ እነዚህ ልጆች ማደግ አለባቸው።